ወንዝም እንደ ሰው በጓደኞቹ ይታወቃል!

ለመሆኑ ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ጣሪያው ያፈስ እንደሆን? ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ውሃ እንደሚመጣለት? አከራይዋ ቁጡ ትሁን አትሁን? መቼም ይህን የማያይ የለም። ወንዝ ዳር ለሚከራይ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርበታል። «ጎረቤቴ ወንዙስ እንዴት ያለ ነው?» የሚል። የዛሬው ጨዋታችን እሱ ላይ ነው።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ወጣት አንባቢያችን ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«...ከእጮኛዬ ጋር ልንጋባ ሦስት ወር ቀርቶናል። ቤት ስንፈልግ ከርመን በመጨረሻ ወንዝ ዳር ሁለት ክፍል አገኘን። ኪራዩ ካየናቸው ሁሉ ይረክሳል። ችግሩ ወንዙ ነው። አከራይዋ ጓሮዋን በወንዙ ውሃ እያጠጣች ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ታበቅላለች። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው፤ ደግሞ አሁን ወንዙ ጠርቷል ትላለች። እውነትም የሄድን ቀን ውሃው ኩልል ብሏል፤ ሽታም አልነበረው። እጮኛዬ ወዲያው እንያዘው አለ። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። በዓይንሽ አየሽው አይደል? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ሲለኝ መልስ አጣሁ። ይኸው በዚሁ ከተኮራረፍን ሳምንታችን። እስቲ አንተ ንገረን፤ ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ወንዝ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ በምን ያውቃል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው። የእጮኛሽ «በዓይንሽ አየሽው አይደል?» ግን (አይከፋውና) ወንዝ የማያሻግር ምክንያት ነው። ለምን ቢባል...

ዓይንና አፍንጫ ያታልላሉ

የእንጦጦ ጅረት በሐምሌ ጨቅይቶ፣ ቡና በወተት መስሎ ሲወርድ አይተን «ኤጭ፣ ቆሻሻ!» እንላለን። ያ ግን ብዙውን ጊዜ አፈር ነው። በአንጻሩ በኅዳር ኩልል ብሎ የሚወርደው ውሃ ውስጥ ዓይን የማያየው ነገር ሟሙቶ ሊኖር ይችላል። የፋብሪካ ኬሚካልና ከባድ ብረት ቀለም ሳይኖራቸው መዋኘት ያውቁበታል። አንዳንዴማ ውሃ የሚጠራው አንዳች ነገር በውስጡ መብቀል ስላቃተው ነው!

ሽታም ቢሆን ሰዓት እየቆጠረ ነው የሚመጣው። ጠዋት ሄዳችሁ የሚሸት ነገር የለም። ፍሳሽ የሚለቅ ሰው ቱቦውን ሌሊት ከከፈተው፣ ቀን ለሚመጣው ቤት ፈላጊ ማን ይነግረዋል?

«እንግዲያው ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ መውሰድ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ መደረግም አለበት። ነገር ግን አንድ ጠርሙስ ውሃ ማለት አንድ ፎቶ ማለት ነው። የሠርግ ፎቶ አይታችሁ ታውቁ የለ? ሌሊቱን ሲጨቃጨቁ ያደሩ ሙሽሮች እንኳ ፎቶ ላይ ጥርስ በጥርስ ናቸው። የባልና ሚስትን እውነተኛ ኑሮ ማወቅ የፈለገ አልበም አይገልጥም፤ ጎረቤት ነው የሚጠይቀው። ጎረቤት ሌሊቱንም፣ ንጋቱንም፣ የወር መጨረሻውንም ያውቃል!

የወንዝም ነገር እንዲሁ ነው። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሥር፣ ጭቃ ውስጥ፣ ሣር ላይ ተጣብቀው ለወራት የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት አሉ። ውሃው ሲመረዝ ታክሲ ይዘው አይሸሹም። ወይ ይችሉታል፣ ወይ ያልቃሉ። ስለዚህ ዛሬ ማን እንዳለና ማን እንደጠፋ ያየ ሰው፣ ያለፉትን ወራት የወንዙን ገመና አነበበ ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ ይህንን ዘዴ «ባዮሞኒተሪንግ» ይሉታል፤ ሕይወት ባላቸው ነገሮች የውሃን ጤና መከታተል ማለት ነው። እኛ ደግሞ በአማርኛችን «ጓደኛህን ንገረኝና ማንነትህን እነግርሃለሁ» እንላለን። አለቀ!

ምስክሮቹ እነማን ናቸው?

ጥያቄሽን ይዤ ወደ አንድ የባዮሎጂ መምህር ወዳጄ ሄድኩ። «ሳይንሱን ተውና እንደ ሰፈር ሰው አስረዳኝ» ብዬው በሦስት ከፈለልኝ። የክፍሎቹን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱን እንዳትወቅሱት።

ቅምጥሎቹ፦ እነዚህ ትንሽ ነገር ሲጓደል ቤት ለቀው የሚሄዱ ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ በሳይንሱ ኤፌሜሮፕቴራ ከሚባለው ወገን ናት። ውሃ ውስጥ ስትኖር ከኋላዋ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር የመሰለ ጅራት አላት፤ በሆዷ ግራና ቀኝ ላባ ወይም ቅጠል የሚመስል መተንፈሻ ታርገበግባለች። ወራት ውሃ ውስጥ ቆይታ ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትኖረው ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ነው፤ አፏም መብላት አይችልም። ለፍቅር ብቻ ወጥታ ትሞታለች! ሁለተኛዋ ትሪኮፕቴራ ናት፤ ይህቺኛዋ ግንበኛ ናት። ከአፏ ሐር የመሰለ ክር እያወጣች አሸዋ፣ ጠጠርና የቅጠል ስባሪ አጣብቃ ለራሷ ቱቦ መሳይ ቤት ትሠራለች (ኪራይ የለ፣ ደላላ የለ!)። ከወገኖቿ ቤት የማይሠሩም አሉ። ሦስተኛዋ ፕሌኮፕቴራ የምትባለው ባለ ሁለት ጅራት ናት፤ ከሁሉም አስቸጋሪዋ እሷ ናት። በአገራችን ወንዞች ዓይነቷ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ባታገኟት አትደንግጡ።

መሃል ሰፋሪዎቹ፦ ጥቂት ቆሻሻ የሚችሉ፣ ሲበዛባቸው ግን የሚጠፉ ናቸው። በልጅነታችን «ሄሊኮፕተር» እያልን የምናባርራት፣ ኩሬ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመዋ ባለ አራት ክንፍ በራሪ ትዝ አለቻችሁ? እሷ ልጅነቷን የምታሳልፈው ውሃ ውስጥ እያደነች ነው። የወንዝ ሸርጣንና አንዳንድ የውሃ ጥንዚዛዎችም እዚሁ መሃል ላይ ይመደባሉ።

ምን ቢመጣ ቻዮቹ፦ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ «ቤት ለእንቦሳ» የሚባልላቸው ናቸው። ጭቃ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው ጅራታቸውን ወደ ላይ የሚያወዛውዙ ቀጫጭን ቀይ ትሎች አሉ። ሲያድጉ ቢምቢ የሚመስሉ ነገር ግን የማይናከሱ ዝንቦች የሚወጡባቸው ደም የመሰሉ እጮች አሉ። ቅላታቸው በከንቱ አይደለም፤ የኛን ደም ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን እነሱም ጋ ስላለ፣ ኦክስጅን ባለቀበት ቦታ የቀረችውን ለቅመው ይኖራሉ። አልቅትም ከዚሁ ጎራ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ረጅም ጭራ ያለው ነጣ ያለ ትል ነው። ጭራው ጭራ አይደለም፤ ለስላሳ እንደምንጠጣበት ስትሮ ያለ መተንፈሻ ነው። ጭራውን ወደ ላይ ሰዶ አየር ከውጭ እየሳበ፣ ራሱ የሽንት ቤት ፍሳሽ ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል። እሱን ያየ ሰው ሌላ ምስክር አያስፈልገውም!

ልብ በሉ! ቀይ ትል ንጹሕ ወንዝ ውስጥም አይጠፋም። ጥያቄው «ቀይ ትል አለ ወይ?» አይደለም፤ «ከቀይ ትል በቀር ማን አለ?» ነው። አንድ መጥፎ ጓደኛ ያለው ሰው መጥፎ ነው አይባልም። ከመጥፎ በቀር ጓደኛ የሌለው ከሆነ ግን...

ለምንድን ነው ቅምጥሎቹ የሚጠፉት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የእርድ ደም፣ የጠላ አተላና የወጥ ቤት እጣቢ ወንዝ ሲገባ ለባክቴሪያዎች ድግስ ይሆንላቸዋል። እየበሉ ይራባሉ፤ እየተነፈሱም ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በመተንፈሻ ላባዋ ከውሃው ኦክስጅን የምትስበዋ ቅምጥል ታፍና ትሞታለች። ባለ ስትሮው ግን ምን ገዶት!

አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የቆመች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ንጹሑ ውሃችን እንኳ፣ ሙቀቱ እኩል ሆኖ ቢለካ፣ ባሕር ጠረፍ ካለ ከተማ ውሃ በሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ወንዞቻችን ገና ከመነሻው ኪሳቸው ሳሳ ያለ ነው ማለት ነው። ትንሽ ቆሻሻ ቶሎ ያደኸያቸዋል።

ኦክስጅን ብቻም አይደለም። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል ነው፤ ከእርሻ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ የውሃ ነፍሳትን «እናንተን አይመለከትም» ብሎ አያልፍም። የግንባታ አፈርና አሸዋም ድንጋዮቹን ሲቀብር የነሱን መኖሪያ መቅበሩ ነው።

ዘዴው የትናንት አይደለም

ሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 የትኛው ተክልና የትኛው እንስሳ በምን ያህል ቆሻሻ ውሃ እንደሚኖር ዘርዝረው አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ለየወንዞቻቸው የነጥብ መስጫ አበጁ፤ ለቅምጥሎቹ ከፍ ያለ፣ ለቻዮቹ ዝቅ ያለ ነጥብ እየሰጡ። በኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1988 የኢትዮጵያን ተራራማ ጅረቶች እንስሳት የሚዘረዝር ጥናት ታትሟል፤ በ2015 ደግሞ ለደጋማ ወንዞቻችን ተብሎ የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የሚባል የነጥብ መስጫ ወጥቷል። የሰው አገር ልብስ አይደለም፤ በልካችን የተሰፋ ነው።

ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩም አሉ። የፖላንዷ ዋርሶ ከተማ ከቪስቱላ ወንዝ የምትስበውን ውሃ 8 ዛጎል ለበስ እንስሳት ይጠብቁላታል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! እነዚህ እንስሳት ዛጎላቸውን እንደ መጽሐፍ ከፍተው ውሃ እያጣሩ ይመገባሉ፤ መጥፎ ነገር ሲመጣ ግጥም አድርገው ይዘጋሉ። ዛጎላቸው ላይ የተለጠፈው መሣሪያ መከፈት መዘጋታቸውን ለኮምፒዩተር ይነግራል። ብዙዎቹ አንድ ላይ ከዘጉ የማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኻል። ወደ ሦስት ወር ካገለገሉ በኋላ በክብር ወደ ውሃቸው ይመለሳሉ። ዘበኛ ቢሉ እንዲህ ነው፤ እንቅልፍ የለ፣ ጉርሻ የለ!

አውሮፓ እንዲህ ንቁ የሆነው ተመክሮ አይደለም፤ መከራ አስተምሮት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ የአንድ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ብዙ ቶን የተባይ ማጥፊያ ይዞ ራይን ወንዝ ገባ። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ከመቶ ሺህ በላይ እባብ መሳይ ዓሦች ሞተው ተንሳፈፉ። ከዚያ በኋላ ነው በራይን ዳር ዳፍኒያ የምትባለዋን ጥቃቅን «የውሃ ቁንጫ» በመሣሪያ እየተመለከቱ የሚጠብቁ ጣቢያዎች የተስፋፉት። አዋዋኟ ሲለወጥ ማንቂያ ይሰጣል። ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ከራይን ለአሥርት ዓመታት ጠፍታ የነበረች አንዲት የኤፌሜሮፕቴራ ዘር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ በኩል ተመልሳ ታየች። ወንዝ ሲታከም ይድናል ማለት ነው። የዳነ ዕለትም መጀመሪያ የሚመጡት የድሮ ጓደኞቹ ናቸው።

ቀበናን ከላይና ከታች

መምህሩ ወዳጄ «ወሬው ይበቃናል፤ ሄደህ እይ» አለኝና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ይነሳል፤ ከተማውን አቋርጦ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ቆቃን አቋርጦ፣ መተሃራን አልፎ፣ አፋር ድረስ ይዘልቃል። እዚህ የጣልነው እዚያ ነው የሚደርሰው።

የያዝነው መሣሪያ ያስቃል፤ አንድ የወጥ ቤት ወንፊት፣ አንድ ነጭ ሳህን፣ ጓንትና ቦቲ ጫማ። ከላይ፣ ከቤቶቹ በፊት፣ ድንጋዩን ገልብጠን ውሃውን ወደ ወንፊቱ አጠብነው። ሳህኑ ላይ ስንገለብጠው መጀመሪያ ያየሁት ቅጠልና ጠጠር ነበር። «ታገስ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ጠጠሩ መራመድ ጀመረ! ግንበኛዋ ናት ለካ፤ ቤቷን ተሸክማ። ባለ ሦስት ጅራቷም ላባዋን እያርገበገበች አለች። የ«ሄሊኮፕተሯ» ልጅ፣ ጥንዚዛ፣ አንድ ትንሽ የተናደደ ሸርጣን... ሰፈር ሙሉ!

ከዚያ ወደ ታች ወረድን። ከድልድይ ሥር፣ ቱቦዎች ወንዙ ላይ ከሚተፉበት በታች ያንኑ አደረግን። ሳህኑ ቀይ ሆነ። ቀይ ትል፣ ቀይ እጭ፣ ሁለት አልቅት። ሌላ ማንም የለም። ውሃው ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ከላዩ እምብዛም የተለየ መልክ አልነበረውም። እኔ ብቻዬን ብሆን «ደህና ነው» ብዬ እፈርምለት ነበር።

መምህሩ በደቡብ አፍሪካ ተማሪዎችና የሰፈር ሰዎች የሚጠቀሙበትን «ሚኒሳስ» የሚባል ቀለል ያለ አቆጣጠር አሳየኝ። እንስሳቱን በ13 ወገን ከፍሎ ለየወገኑ ነጥብ ይሰጣል፤ ስንት ተገኘ ሳይሆን የትኛው ወገን ተገኘ ነው የሚቆጠረው። የላይኛውን ስንደምር፦ ባለ ሦስት ጅራቷ 11፣ ግንበኛዋ 9፣ የ«ሄሊኮፕተር» ልጅ 6፣ ሸርጣን 6፣ ጥንዚዛ 5፤ በድምሩ 37። ለአምስት ወገን ሲካፈል 7.4 መጣ። የታችኛው ደግሞ፦ ትል 2፣ የዝንብ እጭ 2፣ አልቅት 2፤ ሲካፈል ያው 2! አቆጣጠሩ ለደቡብ አፍሪካ ወንዞች የተሠራ ስለሆነ ለኛ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የሙያ ሥራ ሲሆን «ኢትባዮስ»ን የመሰለ የራሳችን መለኪያ ያስፈልጋል። ግን 7.4 እና 2 የተባሉት ቁጥሮች ያው የአንድ ወንዝ ልጆች መሆናቸውን ሳስበው ክው አልኩ።

እናንተም ሞክሩት

ይህ ለጓደኛሞች፣ ለትምህርት ቤት ክበቦችና (ለምን አይሆንም?) ለእጮኛሞች ካፌ ከመጎለት የተሻለ ቅዳሜ ነው። ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. ክረምት ላይ አትሂዱ። ጎርፉ እንስሳቱን ጠራርጎ ስለሚወስድ ውጤቱ ያሳስታል፤ ለእናንተም አደጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይመረጣል።

2. ሁለት ቦታ እዩ፤ ከሰፈራችሁ በላይና በታች። አንድ ቦታ ብቻ ማየት የአንድ ወገን ወሬ መስማት ነው። ሁለቱም ቦታ የሚፈስና ድንጋያማ ይሁን፤ ፈሳሽ ጅረትን ከቆመ ኩሬ ጋር አታወዳድሩ።

3. ድንጋዩን፣ ጭቃውንና ዳር ያለውን ሣር ሁሉንም ፈትሹ። ለሁለቱም ቦታ እኩል ደቂቃ ስጡ።

4. ውሃው ላይ የሚንሸራተቱትን ባለ ረጅም እግሮች አትቁጠሩ። አየር የሚተነፍሱት ከላይ ስለሆነ ስለ ውስጡ ብዙ አይመሰክሩም።

5. ጓንትና ቦቲ የግድ ነው። ቁስል ያለበት ሰው አይግባ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ወንፊቱንም ወደ ወጥ ቤት እንዳትመልሱት፤ እናታችሁ ሲሰሙ እኔን ነው የሚረግሙኝ። ሞቅ ወዳለ አገር፣ እንደ ጣና ዳርቻና ዝዋይ ወዳለ ቦታ ስትሄዱ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እዚያ ከአንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው የቢልሃርዚያ ተውሳክ በቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ባዶ እግር ገብቶ መንቦጫረቅ ዋጋ ያስከፍላል።

6. ያያችሁትን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደተገኘ። እንስሳቱን ወደ ውሃቸው መልሱ። በየዓመቱ አንድ ቦታ እየተመላለሰ የሚጽፍ ክበብ፣ አንዴ መጥቶ ከሚሄድ ባለሙያ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።

እንስሳቱ የማይነግሩን

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ባለ ሦስት ጅራቷን ያገኘ ሰው «ውሃው ይጠጣል» እንዳይል። እሷ ስለ ታይፎይድና ስለ ጃርዲያ የምታውቀው ነገር የለም። ላም የዋለበት ምንጭ ለእሷ ገነት ነው፤ ለእናንተ ግን የሆድ ቁርጠት ሊሆን ይችላል። የምትጠጡትን አፍሉ ወይም አክሙ። እንስሳቱ «ታመናል» ይላሉ እንጂ «በእርሳስ ነው፣ በክሮሚየም ነው» ብለውም አይነግሩንም። ያን ጊዜ ነው ላቦራቶሪው የሚመጣው። ምስክሩ ያመለክታል፣ ላቦራቶሪው ይመረምራል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። የአከራይሽን ወንዝ ሳላየው አልፈርድም። እኔ ብሆን ግን ይህን አደርግ ነበር፦ አንደኛ፣ እጮኛሽን ይዘሽ፣ ወንፊትና ሳህን ጨምረሽ ሂጂ። ከሰፈሩ በላይና በታች እዩ። ኩርፊያችሁንም ሸርጣኑ ያስቃችሁና ትረሱት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሳህኑ ቀይ ብቻ ከሆነ ያንን ጎመንና ሰላጣ አትቅመሱ። በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። በደንብ መቀቀል ጀርሙን ይገድላል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ብረቱ ደግሞ ዛሬ አያምም፤ ቀስ እያለ ነው የሚጠራቀመው፣ ለነገ ልጃችሁም ይተርፋል። ሳህኑ በሙሉ ሕይወት ቢሞላም፣ ሰላጣውን ጥሬውን አትብሉ። ሦስተኛ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በነሐሴ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ አከራይዋን ሳይሆን የሰፈሩን ሱቅ ጠይቁ። አከራይዋ «ልጆቼን በዚሁ አሳደግሁ» ማለታቸውን አልነቅፍም፤ ግን እሳቸው ልጆች ሲያሳድጉ የነበረው ወንዝና ዛሬ ያለው ወንዝ ስሙ እንጂ ውሃው አንድ መሆኑን ማን አረጋገጠ?

ይህ ነገር ያንቺ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ከሆነው የወንዝ ዳርቻ ልማት ወዲህ በየዳርቻው ሣር፣ መብራትና የእግር መንገድ እያየን ነው። ያምራል፤ ወጣቱም እየተናፈሰበት ነው። ግን ዳርቻው ስላማረ ወንዙ ዳነ ማለት አይደለም፤ በሽተኛን ሱፍ ማልበስ ማከም አይደለምና! የወንዙን መዳን የሚመሰክሩት እነዚያ ባለ ሦስት ጅራቶቹና ግንበኞቹ ናቸው። እነሱ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ታች፣ ወደ ቀበና ድልድይ፣ ወደ አቃቂ ተመልሰው ሲወርዱ ያን ጊዜ እልል እንላለን። እስከዚያው ግን ቱቦውን ወደ ወንዝ የቀሰረ ሁሉ፣ ትልቅ ፋብሪካም ይሁን የራሳችን ግቢ ሽንት ቤት፣ ከድንጋይ ሥር የሚያየው ምስክር እንዳለ ይወቀው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይባላል፤ ይህኛው ነገር ግን ከተወቀጠ ሳህን ላይ የሚቀር ነገር አለው!

የሰፈራችሁን ወንዝ ፈትሻችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ፤ የወንዙን ስምና የጓደኞቹን ዝርዝር። የናንተን ስም አላወጣም፣ የወንዙን ግን አወጣለሁ። ቸር ሰንብቱ!